ኮርኒሱን የሚያየው ማነው?

ጤና ይስጥልኝ። የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የጽዳትና የጥገና ባለሙያዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ብርድ የመጣችሁ፣ መቼም ጋቢ አልረሳችሁም።

የውስጥ ዲዛይን ባለሙያ ነኝ ስል ብዙ ሰው ሶፋና መጋረጃ ይመጣለታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሆስፒታል ዲዛይን የሚያጸድቁ ሰዎች ክፍሉን የሚያዩት ቆመው ነው። በሽተኛው የሚያየው ተኝቶ ነው። ለቆመ ሰው ወለሉ ካበራ ክፍሉ አለቀ። በጀርባው ለተኛ ሰው ግን ክፍሉ ማለት ኮርኒሱ ነው። እዚያ ላይ ያለውን ታውቁታላችሁ። ዝናብ ያስገባው ቡናማ እድፍ፤ ዓይን ውስጥ የሚገባ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ፍሎረሰንት።

ፊንላንዳዊው አርክቴክት አልቫር አልቶ ይህን ቀድሞ አስቦበታል። እ.ኤ.አ. በ1933 በተከፈተው የፓይሚዮ የቲቢ ሕሙማን ማገገሚያ፣ የመኝታ ክፍሎቹን ኮርኒስ ጠቆር ባለ አረንጓዴ አስቀባው። መብራቱን ከተኛው ሰው ዓይን አሸሸው። የእጅ መታጠቢያውን ሳይቀር ውሃ ሲፈስበት እንዳይጮህ አድርጎ ሠራው፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ከእንቅልፉ እንዳይባንን።

መስኮትም እንዲሁ ነው። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ጥናት አለ። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሰዎች መዝገብ አመሳከረ። የግማሾቹ መስኮት ዛፍ ያሳያል፤ የግማሾቹ የጡብ ግንብ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በእሱ ብቻ አልምልም። እኛ ግን የጦሳ ተራራ ፊት ለፊታችን ቆሞ እያለ መስተዋቱን ነጭ ቀለም እንቀባዋለን። ገመና ለመሸፈን ነው ትሉኛላችሁ። እሱንማ መጋረጃ ይችለዋል።

ደግሞ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ጋቢ እናወልቃለን። ከ600 ሜትር በላይ እኮ ነው የምንወርደው። ታዲያ ለሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት ዲዛይን እንዴት ይሆናል? ደሴ ላይ ብርዱን ፈርቶ ሁሉም መስኮት ይዘጋል። ቲቢ የሚወደው ይህንኑ ነው። «መስኮት ክፈቱ» የሚል ወረቀት ብንለጥፍ ማን ይሰማናል? የአየር መግቢያና መውጫው ከኮርኒሱ ሥር፣ ፊት ለፊት በሆኑ ሁለት ግድግዳዎች ላይ ቢሆን ነፋሱ ከበሽተኛው በላይ ያልፋል። ደቡብን የሚያይ መስኮት ደግሞ የታኅሣሥን ፀሐይ ወደ ውስጥ ያስገባል። ማሞቂያው በነፃ ነው። ኮምቦልቻ የሚያስፈልገው በተቃራኒው ጥላ፣ ወጣ ያለ ጣሪያና ከፍ ያለ ኮርኒስ ነው። መብራት ሲጠፋም ሥራውን አያቆምም።

ዕቃውንም ከሩቅ አናምጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው የሩዋንዳው ቡታሮ ሆስፒታል ግንብ በአካባቢው ሰዎች እጅ የተጠረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። አልጋዎቹም ወደ መስኮት የዞሩ ናቸው። ወሎ መቼ ድንጋይ ጠራቢ አጣ?

አሁን በዲዛይኖቻችን ላይ ወደማይገኘው ሰው ልምጣ፤ ወደ አስታማሚው። እኛ አገር በሽተኛ ብቻውን አይተኛም። እናት አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ፣ ነጠላዋን ደርባ ታድራለች። ምሳ ዕቃው መስኮቱ ላይ፣ ጀሪካኑ መተላለፊያው ላይ፣ መስገጃው የአልጋው ብረት ላይ። ነርሷ የሌሊት መድኃኒት ልትሰጥ ስትመጣ ሰው እንዳትረግጥ በእግሯ እየዳበሰች ነው። ይህን በጥበቃ ልናስተካክለው እንሞክራለን። «አላህ ያሽርህ»፣ «እግዜር ይማርህ» ሊል የመጣ የወሎ ሰው በጥበቃ ይመለሳል እንዴ? ይልቅ ቦታ እንስጠው። ሲዘረጋ መኝታ የሚሆን አግዳሚ፣ የሚቆለፍ ሣጥን፣ ልብስ ማጠቢያና ማስጫ፣ ውዱእ ማድረጊያ። የሚቀጥለው የእድሳት ጨረታ ሰነድ ላይ እነዚህ በዝርዝር ይግቡ። ካልተጻፈ ኮንትራክተሩ አይሠራውም።

የአግዳሚውን ናሙና እዚሁ ደሴ ብረት ቤት አሠርቼ በር ላይ አቁሜዋለሁ። ሽፋኑ በበረኪና የሚጸዳ ሌዘር ነው። በሻይ ሰዓት ተኙበት። ነርሶች በተለይ፣ ለጽዳት የማይመቸውን ጥግ አሳዩኝ። አመሰግናለሁ።