የሌሊት 8 ሰዓት ፍርሃት

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፤

ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው በነርስነት ከተማርኩት ይልቅ በራሴ ላይ ስለደረሰው እንቅልፍ ማጣት ነው።

እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ በሚገኘው ቤታችን፣ ለረጅም ጊዜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እየባነንኩ ከትራሴ ሥር ስልኬን አወጣ ነበር። ወዲያው ስሌት እጀምራለሁ፤ አሁን እንቅልፍ ቢወስደኝ 4 ሰዓት አገኛለሁ፤ ጥቂት ቆይቼ ሳይ 3 ብቻ ቀርቶኛል። የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና አዛኑ ሲሰሙ ልቤ ይደልቃል፤ ነገ ለታካሚ መድኃኒት አሳስቼ እሰጥ ይሆን፣ አእምሮዬን ልስት ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ።

እንቅልፌን ያባርረው የነበረው ያው ስሌት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የፈራ ሰው ሰውነት አደጋ እንዳለበት ዘብ ይነቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፤ በዚህ ሁኔታ «ተኛ» የሚል ትእዛዝ አይሰማም።

እንቅልፍ ማጣት ጉዳት እንዳለው አልክድም። ትኩረት ይቀንሳል፣ ትዕግሥት ያልቃል፤ ስለዚህ እንቅልፍ የተጫነው ሰው ባጃጅም ሆነ መኪና መንዳት የለበትም። ነገር ግን ሰውነት ያጣውን የሚተካበት ጥበብ አለው። ነቅተን በቆየን መጠን አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎላችን ይከማቻል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስንተኛም እንቅልፋችን ይጠልቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ አንድ የ17 ዓመት ተማሪ ለ264 ሰዓታት ነቅቶ ከቆየ በኋላ መጀመሪያ ሲተኛ የተኛው 14 ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ማንም እንዲሞክረው አልመክርም፤ ዕዳው ሰዓት በሰዓት እንደማይከፈል ማወቄ ግን ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ከዚያ ስልኬን ሌላ ክፍል ማሳደር ጀመርኩ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አልጋው ላይ ከመገላበጥ ይልቅ ተነሥቼ፣ ጋቢዬን ለብሼ፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን እቀመጣለሁ፤ ዓይኔ ሲከብድ እመለሳለሁ። ሌሊቱ ምንም ይሁን ምን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እነሣለሁ። ቡናን በተመለከተ፣ ቡና ተው ብላችሁ ጎንደር ውስጥ ማን ይሰማኛል? ካፌይን ግማሹ ከሰውነታችን እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጠጣነው በረካ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አብሮን አለ። ስለዚህ ቡናውን ወደ ጠዋት ማምጣት ይበቃል።

እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ ሆኖ ለ3 ወራት ከዘለቀ ግን፣ ወይም ከባድ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ካለበት፣ እባካችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን አትግዙ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ከመድኃኒት አስቀድሞ የመከረው፣ ስለ እንቅልፍ ያለንን ሐሳብና ልማድ የሚያስተካክለውን የምክር ሕክምና ነው።

በመጨረሻ ለቤተሰብ አንድ ልመና አለኝ። እናቴ ዘወትር ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ካለችኝ በኋላ፣ በፍቅር፣ «ዛሬስ እንቅልፍ ወሰደሽ?» ትለኝ ነበር። ያንን ሁለተኛ ጥያቄ ከመኝታዬ በፊት ጀምሬ እፈራው ነበር። አንድ ቀን እንድትተወው ለመንኳት፤ ቅር ሳትሰኝ ተወችው። አሁን «እንዴት አደርሽ?» ብላ ቁርስ ታቀርብልኛለች።

አመሰግናለሁ።