ባዶ መርከብ ባዶ አይደለችም

(ምስል፦ ወደብ ላይ የቆመች ትልቅ መርከብ። ከጎኗ ውሃ እየተንዶለዶለ ይፈሳል።)

ይህች መርከብ ጭነቷን አራግፋ የመጣች ናት። ባዶ ናት ትሉ ይሆናል። ሆዷ ውስጥ ግን በሺህ ቶን የሚቆጠር ውሃ አለ።

አህያ ስትጫን አንዱ ወገን ከቀለለ ጭነቱ ያጋድላል። ያኔ በቀለለው በኩል ድንጋይ ጣል ይደረጋል። መርከብም ያለ ክብደት ከወጣች ማዕበሉ ያንገላታታል፤ ፕሮፔለሯም ውሃውን በደንብ አይገፋም። ድሮ ድንጋይና አሸዋ ይጫንባት ነበር። ዛሬ ፓምፕ ተከፍቶ የወደቡ ውሃ ታንኮቿ ውስጥ ይገባል። ይህ ነው ባላስት የሚባለው። ሌላ ወደብ ደርሳ ዕቃ ስትጭን ውሃውን ትደፋዋለች።

ታዲያ ውሃው ብቻውን አይገባም። የዓሣ እንቁላል፣ የዛጎል እጭ፣ አልጌ፣ ባክቴሪያ አብሮ ይሳፈራል። አብዛኛው መንገድ ላይ ያልቃል። ጉዱ የሚፈላው በተረፈው ነው።

(ምስል፦ የጥቁር ባሕር ካርታ)

ጥቁር ባሕርን እንይ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኔሚዮፕሲስ የተባለ ጄሊ መሰል እንስሳ እዚያ ታየ። አገሩ የአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ነው። ወንድም ሴትም ራሱ ነው፤ ብቻውን ይራባል። አንቾቪ የተባለችው ትንሽ ዓሣ የምትበላውን ይበላባታል፤ እንቁላሏንም አይምርም። በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ የአንቾቪ ምርት ወደቀ። እርግጥ ዓሣ አጥማጆቹም ከልክ በላይ ያጠምዱ ነበር፤ ሁሉንም በእንስሳው ላይ መደፍደፍ አይገባም። ደግሞ የሚገርመው፣ በ1997 ቤሮ የተባለ ሌላ እንግዳ መጣና ኔሚዮፕሲስን ይበላው ጀመር። ሳይጠሩት መጥቶ ገላገላቸው። እንዲህ ያለ ዕድል ግን ሁልጊዜ አይገኝም።

ሰሜን አሜሪካ አልቀናትም። በ1988 ዚብራ መስል የተባለች ባለ መስመር ዛጎል በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ተገኘች። ጥፍር ታክላለች። የምትለጠፈው ግን በእልፍ ሆና ነው። በዓመቱ ሚሺጋን ውስጥ ሞንሮ የተባለችው ከተማ የውሃ መሳቢያዋ ተደፍኖ ቧንቧዋ ደረቀ።

ጣናን የወረረው እምቦጭ በባላስት አልመጣም። ግን ነገሩ ይገባናል፤ አንዴ ከገባ በኋላ ስንት ጀልባና ስንት ሰው አረም ሲነቅል እንደዋለ አይተናል። በሩ ላይ መያዝ ይሻላል።

(ምስል፦ መሐል ውቅያኖስ ላይ ያለች መርከብ)

በሩ ላይ የሚይዘው ሕግ በ2004 የመርከብ ጉዞን በሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት አካል፣ በዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት ጸደቀ። ሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። 13 ዓመት! ምክንያቱም ቢያንስ 30 አገሮች ሕጉን መቀበል ነበረባቸው፤ መርከቦቻቸውም ከዓለም የንግድ መርከቦች አቅም 35 በመቶ መድረስ ነበረባቸው። የመርከብ ባለቤቶች ደግሞ ወጪው ያስፈራቸው ነበር።

መጀመሪያ የተጠየቀው ቀላል ነገር ነው። ከተቻለ ከየብስ 200 የባሕር ማይል ርቀህ፣ ቢያንስ 200 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ የወደቡን ውሃ ድፋና የውቅያኖስ ውሃ ሙላ። የወደብ ፍጥረት ውቅያኖስ አይስማማውም፤ የውቅያኖሱም ወደብ አይስማማውም። ዘዴዋ ብልህ ናት። ግን ታንኩ ሥር የተቀመጠ ደለል አይወጣም፤ ማዕበል ባለበት ቀንም መርከበኛው ነፍሱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ስለዚህ ሁለተኛው ደንብ ጠበቅ አለ። የሚደፋው ውሃ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 0.05 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሕያው ፍጥረታት ከ10 በታች መሆን አለባቸው። ለኮሌራ ባክቴሪያም የራሱ ገደብ አለ። በ1991 በአሜሪካዋ አላባማ ግዛት ወደብ በገቡ መርከቦች ባላስት ውስጥ የኮሌራ ባክቴሪያ ተገኝቶ ነበር፤ ያኔ ኮሌራ ደቡብ አሜሪካን እያመሰ ነበር።

መርከቦቹ ይህን የሚያሟሉት ውሃውን በማጣራት፣ ከዚያም በአልትራቫዮሌት ጨረር ወይም በክሎሪን በመግደል ነው። የመጨረሻው ቀነ ገደብ ሴፕቴምበር 2024 ነበር። ዛሬ ተቆጣጣሪው መርከቧ ላይ ወጥቶ የባላስት መዝገቡን ይጠይቃል፦ የት ሞላሽ? የት ደፋሽ? ከተጠራጠረ ናሙና ይቀዳል።

(ምስል፦ ከውሃ በታች የመርከቧ የውጭ አካል፤ ዛጎል ተለጥፎበታል)

ይህ ሁሉ ግን ስለ መርከቧ ሆድ ነው። ቆዳዋ ላይ ተለጥፎ ለሚሄደው ዓለም አቀፉ ድርጅት ያወጣው መመሪያ እንጂ አስገዳጅ ስምምነት አይደለም። ዛጎል ደግሞ መለጠፍ ያውቅበታል።