ከባሕር አረም የተሠራ አዮዲን፦ ብልቃጡ ላይ ምን እንይ?

[ምስል፦ የእንክብል ብልቃጥ፣ ከጎኑ የጨው ፓኬት]

ከውጭ የመጣ ዘመድ «ለእንቅርት ፍቱን ነው» ብሎ የሰጣችሁን ብልቃጥ ከመክፈታችሁ በፊት ጀርባውን አዙሩት። «ኬልፕ» የሚል ካያችሁ ከባሕር አረም የተሠራ ነው።

የምትፈልጉት ቁጥር አንድ ነው፦ በአንድ እንክብል ውስጥ ስንት ማይክሮግራም አዮዲን አለ? ለአዋቂ በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ይበቃል። «ኬልፕ 500 ሚሊግራም» ብቻ የሚል ጽሑፍ የአረሙን ክብደት እንጂ የአዮዲኑን መጠን አይናገርም። የባሕር አረም ዓይነቱም ይለያያል፦ ኖሪ የሚባለው ደረቅ አረም አንድ ግራሙ በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮግራም አዮዲን ሲይዝ፣ ኮምቡ የሚባለው (የኬልፕ ዓይነት) አንድ ግራሙ ከ1,000 ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ አትውሰዱት። ሂጂኪ የሚባለው አረም ደግሞ አርሰኒክ ስለሚይዝ ጭራሽ ይቅር።

[ምስል፦ 1 ሚሊግራም = 1,000 ማይክሮግራም]

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 0.15 ሚሊግራም ልክ ነው፤ 12.5 ሚሊግራም ግን የ83 ቀን ድርሻ በአንድ ጉርሻ ነው! የአሜሪካ ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ማኅበር በቀን ከ500 ማይክሮግራም በላይ አዮዲን ያለው ማሟያ እንዳይወሰድ ይመክራል።

[ምስል፦ አንገት ላይ ያለ እንቅርት]

ለምሳሌ ጅማ ከባሕር የራቀች፣ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት። አፈሩ በዝናብ በታጠበበት አገር አዮዲን ያንሳል፤ ለዓመታት እንቅርት ያለበትም ሰው ብዙ ነው። የበዛ አዮዲን አደጋውም ለእሱ ይብሳል። በጥቂት አዮዲን መሥራት የለመደ የታይሮይድ ዕጢ ድንገት በአዮዲን ሲጥለቀለቅ፣ በእንቅርቱ ውስጥ ያሉት እብጠቶች ያለ ልክ ሆርሞን ሊያመርቱ ይችላሉ፦ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ክብደት ይቀንሳል። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ዕጢው ይዳከማል፤ ያኔ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል። እንቅርት ካለባችሁ፣ ወይም የታይሮይድ መድኃኒት ወይም አሚዮዳሮን (የልብ ምት መድኃኒት) የምትወስዱ ከሆነ፣ በመጀመሪያ ቲኤስኤች የሚባለውን፣ የታይሮይድን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ አድርጉና ሐኪም ይወስን።

[ምስል፦ ክዳን ያለው የጨው ዕቃ]

ለብዙው ቤት ግን መፍትሔው ብልቃጥ ሳይሆን ጨው ነው። በግራም 15 ማይክሮግራም አዮዲን ያለው ጨው በ5 ግራም፣ ማለትም በአንድ የሻይ ማንኪያ፣ 75 ይሰጣል፤ ወተትና እንቁላል ያግዙታል። ጨው አብዙ ማለታችን አይደለም። በክረምት እርጥበት ክፍት የቆየ ጨው አዮዲኑን ያጣል፤ ስለዚህ ክደኑት፣ ከምድጃ አርቁት፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ።

እንክብሉን ጀምራችሁ ልብ ምታችሁ ከፈጠነ አቁሙትና ብልቃጡን ራሱን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ሐኪሙም መጠኑን ከጽሑፉ ያነባል።