ዋስ አምጪ

እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። «ያ ክስሽ የት ደረሰ?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ ነው ይህን የምቀዳው።

እንደምታውቁት ለንደን ቡና አስመጣለሁ። አንድ ደንበኛ የ140,000 ፓውንድ ጥሬ ቡና ተረክቦ ሲያበቃ «ጥራቱ ጎድሏል» ብሎ አልከፍልም አለ። ከሰስኩት። ሁለት ወር ቆይቶ ጠበቃዬ ደወለችና «ዋስትና ጠይቀዋል» አለችኝ።

«ማን? ባለዕዳው?»

አዎ፣ ባለዕዳው። እዚህ አገር የተረታ ወገን አብዛኛውን ጊዜ የረቺውን የጠበቃ ወጪ ይከፍላል። ስለዚህ ተከሳሽ «ነገ ብረታት ወጪና ኪሣራዬን ከየት አምጥታ ትከፍላለች?» ብሎ ማመልከት ይችላል። ዳኛው ከተቀበሉት ከሳሽ ገንዘብ ታስይዛለች፤ በቀኑ ካላስያዘች ክሱ ይቆማል፣ ሲብስም ይሰረዛል። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 200 ውጭ አገር ስለሚኖር ከሳሽ ተመሳሳይ ነገር ይላል። የእኔ ጣጣ ግን ሊሚትድ መሆኔ ነው፤ የምነግደው በራሴ ሳይሆን በኩባንያ ስም ነው። እዚሁ የሚኖር ግለሰብ ድሃ በመሆኑ ብቻ ዋስ አምጣ አይባልም። ኩባንያ ግን ቢፈረድበት መክፈል አይችልም ብሎ ለማመን ምክንያት ካለ ይባላል።

ማስረጃቸው ምን ነበር መሰላችሁ? የራሴ ሒሳብ! ካምፓኒስ ሃውስ በሚባለው የኩባንያዎች መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ማንም በነፃ ያወርደዋል። የሒሳብ ባለሙያዬ አጭሯን ቅጽ ሞልቶ ያስገባት አንዲት ገጽ፣ ግርጌዋ ላይ «የተጣራ ሀብት 4,212 ፓውንድ»። እሷን በቢጫ ቀልመው አያያዟት።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። «ይህን ያህል ካስያዝኩ ክሴ ይታፈናል» ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ማስረዳቱ ግን የእኔ ሸክም ነው። ኬሪ ዴቨሎፕመንትስ የሚባል ኩባንያ ታርማክ ከሚባል ሌላ ኩባንያ ጋር በ1990ዎቹ የተከራከረበት የይግባኝ ውሳኔ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ የሚታየው የኩባንያው ካዝና ብቻ አይደለም፣ ዳይሬክተሩ፣ ባለአክሲዮኑ፣ ከጀርባ የሚደግፈው ሰው ሁሉ ነው። ጠበቃዬ «ሊያበድሩሽ የሚችሉ ሰዎችን ስም ላኪልኝ፤ እንደማይችሉም በምስክርነት ቃልሽ ትፈርሚያለሽ» አለችኝ።

ዳላስ ለጋሼ ደወልኩ።

«አንቺ! ለፈረንጅ ዳኛ ወንድም የለኝም ልትዪ ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ የለኝም አላልኩም። አይችልም ነው የምለው።»

«እሱማ ይብሳል!»

አልፈረምኩም። ሐሰት ስለሚሆንም ነው፤ ሐበሻ ሆኖ «የሚያበድረኝ የለም» ብሎ መማል እንዴት ይቻላል? ሮልስ ቢልዲንግ፣ የንግድ ክርክር የሚታይበት የለንደን ፍርድ ቤት፣ ቀረብን። እነሱ 60,000 ጠይቀው ነበር፤ ዳኛዋ 35,000 ፓውንድ በ28 ቀን አስይዢ አሉ። ለዚያች ግማሽ ቀን ክርክር የከፈልኩትን አልነግራችሁም። ኪሱ የሞላ ተከሳሽ ይህን ማመልከቻ ከሳሽን ለማድከም ሲጠቀምበት ማየት ያናድዳል፤ ቢያናድድም ሕጋዊ ነው።

መውጫዬ እቁብ ሆነ። የነጋዴዎች እቁብ አለን፣ ዕጣ የደረሰው ልጅ ተራውን ቀየረኝ። ገንዘቡን ልቀበል ስሄድ የእቁቡ ዳኛ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ሁለት ዋስ አምጪ» አሉኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አሥር ዓመት አብረን እቁብ ጠጥተናል፣ ልጄን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው! አንድም ቅር ሳይለኝ ሁለት ዋስ ይዤ ሄድኩ፤ በእንግሊዟ ዳኛ ግን ወር ሙሉ አኩርፌ ነበር።

አሁን ገንዘቡ ፍርድ ቤት ተቀምጧል፤ ክርክሩ ለኦክቶበር ተቀጥሯል። እሑድ እሑድ መዋጮዬን ሳስገባ የእቁቡ ዳኛ «ያቺኛዋ ዳኛ እንዴት ናቸው?» ይሉኛል።