«ምኑን ነው የከሰርኩት?»

እንደምን ዋላችሁ፣ የትርጉም ባልደረቦቼና ተማሪዎች፤

በአንድ መልእክት ልጀምር። የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ እናት አረፉ። አማርኛ የማይችለው አለቃችን አጭር የሐዘን መግለጫ በእንግሊዝኛ ጻፈና ስልኩ ተርጉሞለት ላከላት። «ስለ ኪሳራሽ በጣም አዝናለሁ» ይላል። እሷም ስልኳን ይዛ መጥታ አሳየችኝ። ዓይኗ ከለቅሶ ብዛት አብጧል። «እኔ የምልህ፣ ምኑን ነው የከሰርኩት?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። በሐዘን መሃል መሳቅ ያሳፍራል፤ ግን ሳቅን።

ሰውየው ክፉ አላሰበም። ስልኩም ከኪሱ አውጥቶ አልዋሸም። መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ አለቃችን የጻፋትን «ሎስ» (loss) የምትል የእንግሊዝኛ ቃል ብትፈልጉ «ኪሳራ» መኖሩ አይቀርም። ጣጣው እንግሊዝኛ እዚህች አንዲት ቃል ውስጥ የማይከተው ነገር አለመኖሩ ነው። የሞተውም፣ የጠፋውም፣ የተሸነፈውም፣ የከሳውም፣ የከሰረውም አንድ ከረጢት ውስጥ ነው።

እኛ ጋ ከረጢት የለም። ፀጉር ይረግፋል። ጥርስ ይወልቃል። ደም ይፈሳል። ክብደት ይቀንሳል። ጊዜ ይባክናል። ክስ ያለው ሰው ተረታ ይባላል፤ ኳስ የተጫወተ ይሸነፋል። ሰው ራሱን ይስታል። ተስፋ ደግሞ፣ ይገርማችኋል፣ ይቆረጣል። እንግሊዝኛው ለእነዚህ ሁሉ «ሎስ» ወይም ግሡን «ሉዝ» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ተማሪዎች «ሎስን በአማርኛ ምን ልበለው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሴ ሁሌም ጥያቄ ነው፦ ምኑ ነው የሆነው?

ዛሬ ግን ዋናው ጉዳዬ የቃላት ብዛት አይደለም። አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት።

ቁልፍ ጠፋ እንበል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት «እኔ» ያደርጋል። ቁልፉን «ያጣው» እሱ ነው፤ አድራጊ እሱ፣ ተደራጊ ቁልፉ። እኛስ? «ቁልፌ ጠፋብኝ» እንላለን። የጠፋው ቁልፉ ራሱ ነው፣ በራሱ ጊዜ። እኔ የደረሰብኝ ሰው ነኝ። ያቺ «‑ብኝ» ስንት ነገር እንደተሸከመች አስቡት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አትናገርም፤ ጉዳቱ ማን ላይ እንዳረፈ ግን ትናገራለች። «ተሰበረብኝ»፣ «ሞተብኝ»፣ «ቀረብኝ»፣ «መሸብኝ»። ጀንበር ስትጠልቅ እንኳ እኛ ላይ ነው የምትጠልቀው።

እንግሊዝኛው ለእናቱም ያንኑ ሰዋስው ነው የሚጠቀመው። ቁልፉን ባጣበት ግሥ እናቱን ያጣል። እኛም በተራችን «እናቴን አጣሁ» እንላለን፣ እውነት ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ «በሞት» የምትለዋን እንጨምራለን። አለዚያ ሰሚው ግር ይለዋል። እርጉዝ ስለነበረች ሴት እንግሊዝኛው «ሎስት ዘ ቤቢ» ሲል «ሕፃኑ ጠፋባት» ብሎ የተረጎመ አይቻለሁ። አንባቢው እኮ ሕፃኑን ፍለጋ ሊወጣ ነው! ፅንሱ ጨንግፎባት ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ቃል የሚያስቅ ሳይሆን የሚያቆስል ነው።

ደግነቱ ሁለቱ ቋንቋዎች በጥንቱ ትርጉም ይገናኛሉ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሎስ» ማለት ጥፋት፣ ውድመት ነበር። ግሡ «ሎሲያን» ደግሞ መጥፋት፣ ማለቅ። አሁን የእኛን «ጠፋ» ተመልከቱ። መብራት ይጠፋል፣ ልጅ ይጠፋል፣ አገር ይጠፋል። «አጠፋ» ስንል ወንጀልም ነው፣ ማብሪያ ማጥፊያም ነው። ለወዳጃችንም «ጠፋህ እኮ!» እንለዋለን፣ እየሳቅን። የእንግሊዝኛው ሥር ወደ ኋላ ሲሄድ መፍታት፣ መለያየት የሚል ትርጉም ላይ ይደርሳል። «ላላ» የሚለው የእነሱ «ሉስ» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ግሡን «ሉዝ»ንና «ሉስ»ን በፊደል የሚያምታታ ስንት እንግሊዛዊ አለ መሰላችሁ! አንዲት ተጨማሪ «ኦ» ናት ልዩነታቸው።

ወደ «አጣ» ልመለስ፣ እሱ የኔ ተወዳጅ ነው። «ሥራ አጣ» እና «ሥራውን አጣ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ፈልጎ ያላገኘ ነው፤ ሥራ ኖሮትም ላያውቅ ይችላል። ሁለተኛው የነበረው የሄደበት ነው። እንግሊዝኛው «ሎስ» ሁለተኛውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ያልያዝከውን ሥራ «ሉዝ» አታደርግም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት የሰው ልጅ ከሚያገኘው ይልቅ በዚያው መጠን የሚያጣው ነገር በርትቶ እንደሚሰማው አሳይተዋል። ካህነማን በ2002 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል። የእነሱን «ሎስ አቨርዥን» ስትተረጉሙ «ማጣትን መጥላት» ብቻ ካላችሁ ድህነትን መጥላት ይመስላል፤ ያጣ የነጣ እንል የለ? «ያለን ነገር ማጣትን መጥላት» በሉት። የሚያመው ያቺ የነበረችው ናት።

አሁን ወደ ተመሳሳይ ቃላቱ። ሁሉንም አላነሳም፤ የሚያወላግዱትን ብቻ።

«ቢሪቭመንት» በሞት የተነጠቀ ሰው ሐዘን ነው። «ተነጠቀ» ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የቃሉ ሥር መዝረፍ ነው። ሞት ሌባ ሆኖ ነው የተሳለው። ለእኔ «ሎስ» ከሚለው ይልቅ ይህ ይበልጥ ለእኛ አነጋገር ይቀርባል፤ «ሞት ነጠቀን» እንላለን።

«ፎርፌ»ን ደግሞ ሁላችሁም ከኳስ ሜዳ ታውቁታላችሁ። ቡድኑ ሳይመጣ ቀርቶ በፎርፌ ይሸነፋል። የእንግሊዝኛው «ፎርፊት»ም ከዚያው ቤት ነው፤ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ ወንጀል፣ ጥፋት ማለት ነበር። ስለዚህ ውል ላይ ይህን ቃል ስታገኙ ዝም ብላችሁ «ያጣል» አትበሉ። በራሱ ጥፋት ነው የሚያጣው።

ኢንሹራንስ ውስጥ «ሎስ» ጉዳት ነው፤ ኪሳራ አይደለም። «ዳሜጅ»ም ጉዳት ነው። ግን መጨረሻው ላይ «ስ» ስትጨመር፣ «ዳሜጅስ» ስትሆን፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ካሳ ትሆናለች። አንድ ፊደል ተጎጂውን ተከፋይ አደረገው! «ዴፊሲት» ጉድለት ነው፤ መንግሥት የበጀት ጉድለት አለበት ማለት ከሰረ ማለት አይደለም። ይህን ጋዜጠኞች ልብ በሉልኝ።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ «ካዡዋልቲ» ነው። በጦርነት ዜና ውስጥ የሞተውንም የቆሰለውንም ይይዛል። «200 ካዡዋልቲ» የሚለውን «200 ሰው ሞተ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ቁስለኛውን ሁሉ እናንተ ገደላችሁት።

አንድ ጨዋታ ልጨምርና ላብቃ። የአለቃችንን መልእክት የተረጎመችው የስልኩ ማሽን ራሷ የሠለጠነችው በ«ሎስ» ነው። የተሳሳተችውን ያህል ቁጥር ይሰላል፤ የቁጥሩ ስም «ሎስ» ይባላል፤ ሥልጠናው ያንን ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ቃሉ ስሕተት ማለት ነው። እንግዲህ በሥልጠናዋ ጊዜ ስለ «ሎስ» የተሳሳተች ዕለት ሌላ «ሎስ» ተመዘገበባት። «‑ባት» አልኩ፣ አያችሁ? ማሽኗም አልቀረላትም።

ባልደረባዬ በኋላ «አንተ ብትሆን ምን ብለህ ትጽፈው ነበር?» አለችኝ። ወረቀት ላይ ጻፍኩላት፦ «የእናትሽን ዕረፍት ሰምቼ በጣም አዘንኩ። መጽናናቱን ይስጥሽ።» ኪሳራም ማጣትም የለበትም። አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የምለው ሳይጠፋብኝ ልቀመጥ። አመሰግናለሁ።