ከመብራቱ በፊት ቀዛፊው፦ የሪፕሊ ጉዞዬ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። በዛሬው ክፍል የማወጋችሁ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በኦሃዮ ወንዝ ሰሜናዊ ዳርቻ ስላለችው ስለ ሪፕሊ ከተማ ነው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪፕሊን በዝና የሚያውቅ እንግዳ በቀጥታ ወደ ኮረብታው ይወጣል፤ ምክንያቱም በባርነት የተያዙና ለመሸሽ የሚፈልጉ ሰዎች ከወንዙ ማዶ ሆነው እንደ ምልክት ያዩት የነበረው መብራት የበራው እዚያ፣ በቄስ ጆን ራንኪን ቤት መስኮት ላይ ነው። እኔ ግን ጉብኝቴን ከታች፣ ከውሃው ዳር ጀመርኩ፤ እንዲህ በማድረጌም እስካሁን ደስ ይለኛል።

ፍሮንት በሚባለው ጎዳና ላይ ያረጁ የጡብ ቤቶች ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ተደርድረዋል። ማዶ የሚታየው የኬንታኪ ምድር ነው። ኦሃዮ ገና ግዛት ሳትሆን፣ በ1787 በወጣ ድንጋጌ ባርነት በወንዙ ሰሜን ተከልክሎ ነበር፤ በኬንታኪ ግን ሰው ሰውን መግዛትና መሸጥ እስከ 1865 ድረስ ሕጋዊ ሆኖ ቆይቷል። ወንዙ ዛሬ በግድቦች ምክንያት ከፍ ብሎና ሰፍቶ ይታያል፤ በዚያን ዘመን ጠበብ ያለ፣ ብርዱ በጸና ጊዜ ደግሞ በረዶ የሚሠራ ነበር። በ1838 አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ፣ መሰንጠቅ በጀመረ በረዶ ላይ ተሻግራ ራንኪኖች ቤት ደርሳለች፤ ታሪኳም ከጊዜ በኋላ ዓለም ባነበበው «የአጎት ቶም ጎጆ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ገብቷል።

በዚሁ ጎዳና ላይ፣ የሸሹ ሰዎችን በጀልባ ያሻግር የነበረው የጆን ፓርከር ቤት አለ፤ አሁን ሙዚየም ነው። ፓርከር በ1827 በቨርጂኒያ፣ ኖርፎክ ተወለደ፤ በ8 ዓመቱ ከእናቱ ተነጥቆ ተሸጠ፤ በመጨረሻም አላባማ ውስጥ ሞቢል ደረሰ። እዚያ ብረት ማቅለጥን ተማረ፤ በሙያው ባገኘው ገንዘብም በ1845 በ1,800 ዶላር ራሱን ገዛ። አንድ ሰው የራሱን ሰውነት ዋጋ ከደመወዙ እየቀነሰ ሲከፍል ምን እንደሚያስብ ለመገመት በቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ፓርከር ወደ ሪፕሊ ከመጣ በኋላ ቀን ቀን በብረት ማቅለጫው ይሠራ ነበር፤ በ1884ም ለትምባሆ መጭመቂያ ላበጀው ክፍል የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቷል። ሌሊት ግን ጀልባውን እየቀዘፈ፣ እሱን ራሱን መልሶ በባርነት ሊይዘው ወደሚችለው ምድር ይሻገር ነበር። የ1850ው ሕግ የሸሸን ሰው የረዳ ሁሉ እስከ 1,000 ዶላር እንዲቀጣና እስከ 6 ወር እንዲታሰር ያዝዝ ነበር፤ ፓርከርን ግን ከዚህም የከፋ ነገር ይጠብቀው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልቤ ውስጥ የቀረው የአንድ ሕፃን ታሪክ ነው። በኬንታኪ በባርነት የነበሩ ባልና ሚስት እንዳይሸሹ ጌታቸው ልጃቸውን በራሱ አልጋ ግርጌ እያስተኛ፣ ሽጉጡን አጠገቡ አኑሮ ያድር ነበር። ፓርከር ጫማውን አውልቆ ሰውየው ከተኛበት ክፍል ገባ፣ ሕፃኑን ብድግ አድርጎ ሮጠ፣ ከወላጆቹም ጋር አሻገረው። ይህን ሁሉ በስተርጅናው ለአንድ ጋዜጠኛ ተናግሯል፤ ቃሉ ግን በእጅ ጽሑፍ ተቀምጦ ከቆየ በኋላ በመጽሐፍ የታተመው በ1996፣ ፓርከር ከሞተ ከ96 ዓመት በኋላ ነው። የኮረብታው መብራት ሲወራለት የቀዛፊው ስም ወደኋላ የቀረው በከፊል በዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ ደረጃውን ይዤ ወደ ኮረብታው ወጣሁ። መውጫው ቀጥ ያለ ነው፤ እኔ ጠግቤ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳያሳድደኝ እንኳ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ቤቱ 13 ልጆች ያደጉበት መሆኑን ሳስብ ትንሽነቱ አስደነቀኝ። ራንኪን ወደዚህ የወጡት በ1829 ነው፤ ከዚያ በፊት የሚኖሩት እዚያው ፍሮንት ጎዳና ላይ ነበር። ቨርጂኒያ የነበረው ወንድማቸው ባሪያ መግዛቱን በሰሙ ጊዜ ባርነትን የሚቃወሙ ደብዳቤዎች ጻፉለት፤ ደብዳቤዎቹ በ1826 በመጽሐፍ ታተሙ፤ ወንድምየውም በኋላ ሰዎቹን ነፃ አወጣ። በ1841 አሳዳጆች በሌሊት ቤቱን ሲያጠቁ ልጆቻቸው ተኩሰው መልሰዋቸዋል።

አስጎብኚዋ ወደ መስኮቱ ስትመራን ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ሲታይ ወንዙ፣ የኬንታኪ ኮረብቶችና የከተማዋ ጣሪያዎች በአንድ ላይ ይታያሉ። ሌሎቹ ማዶውን ሲመለከቱ እኔ ከጣሪያዎቹ መካከል የፓርከርን ቤት ፈለግሁ፤ ዛፎቹ ሸፍነውት ነበር። ስወርድ የፓርከር ሙዚየም ተዘግቶ አገኘሁት። ደጁ ላይ ቆሜ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ፣ እሱ ይቀዝፍበት የነበረውን ውሃ ስመለከት ቆየሁ።