አልተስተካከለም? ተነሱና ዙሩ፦ አነስተኛ አውሮፕላን ስለማሳረፍ ለአድማጮች ጥያቄ የበረራ አሠልጣኙ መልስ

ከዳላስ፦ ሴስና 172ኤስ ላይ እየተማርኩ ነው። ለማረፍ ስቃረብ ፍጥነቴ ስንት ይሁን?

ፍላፑ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል) ሙሉ ከወረደ ከ60 እስከ 70 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት የሚለካበት አሃድ)። 65 ላይ ያዘው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ አውሮፕላኑ መሬት ነክቶ ሲነጥርብኝ መሪውን ወደፊት ገፋ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። እስካሁን ምንም አልደረሰብኝም። ችግር አለው?

አለው ወንድሜ፤ ከዛሬ ጀምሮ ተወው። አውሮፕላኑ ሲነጥር አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሏል፣ ፍጥነቱም እያለቀ ነው። ያን ጊዜ መሪውን ስትገፋ የፊተኛው ጎማ ቀድሞ መሬት ይመታል። የማረፊያውን ምት እንዲችሉ የተሠሩት ግን ዋናዎቹ ሁለቱ ጎማዎች ናቸው። የፊተኛው እግር የታሰረው ሞተሩን ከካቢኑ በሚለየው የብረት ግድግዳ ላይ ስለሆነ ምቱ ግድግዳውን ያጣምመዋል። እግሩ ከታጠፈማ ፕሮፔለሩ አስፋልቱን ይመታል፤ ሞተሩም ተፈትቶ መመርመር ይኖርበታል። ሁለተኛው ንጥረት ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ አንተ መሪውን እስክታስተካክል አውሮፕላኑ ሌላ ቦታ ደርሷልና። «እስካሁን ምንም አልደረሰብኝም» የሚለውን ቃል ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ እባካችሁ በእሱ አትተማመኑ።

ታዲያ ምን ታደርጋለህ? ንጥረቱ ትንሽ ከሆነ አፍንጫውን ባለበት ያዝ፣ ጥቂት ጉልበት ጨምር፣ በዋናዎቹ ጎማዎች ይረፍ። ከፍ ካለ ማረፉን ትተህ ተነስና ዙር፣ እንደገና ሞክር። ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት የሚቆጣጠረውን) እስከ መጨረሻው ግፋ፣ አፍንጫው ወደ ግራ እንዳይሄድ የቀኙን ፔዳል ርገጥ፣ ፍላፑን ወዲያው ከ30 ወደ 20 ዲግሪ መልስ። የቀረውን ፍላፕ፣ ከፍታ መያዝ ከጀመርክ በኋላ ደረጃ በደረጃ ሰብስብ፤ ባንዴ ከሰበሰብከው አውሮፕላኑ ቁልቁል ይወርድብሃል።

መነሻው ብዙውን ጊዜ ትርፍ ፍጥነት ነው። በ65 ፋንታ በ75 ከመጣህ አውሮፕላኑ ይዞት የሚመጣው ኃይል በሲሶ ይጨምራል። ገና መብረር የሚችለውን በግድ ስታስቀምጠው ይነጥራል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የመንደርደሪያውን መስመር ካለፍኩ በራደር (በፔዳል በሚታዘዘው የጭራው መሪ) ጠምዝዤ ልመልሰው?

በጭራሽ፣ እህቴ። ከፍታ ሳይቀንስ የሚዞር አውሮፕላን ክንፉ 45 ዲግሪ ካዘነበለ ስቶል የሚያደርግበት፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው ፍጥነት 19 በመቶ ይጨምራል፤ በ60 ዲግሪ 41 በመቶ። በራደር ስትጠመዝዢው ደግሞ የውስጠኛው ክንፍ ቀድሞ ይከዳሻል፤ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ይወድቃል። በዚያ ከፍታ ለማዳን ጊዜ የለም። ከ30 ዲግሪ በላይ አታዘንብዪ፤ መስመሩ ካመለጠሽ ተነሺና ዙሪ። ነዳጅ ቢቃጠል ይቃጠል።

ከአዲስ አበባ፦ ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነ ፍጥነት ልጨምር?

አትጨምር፤ መለኪያው ላይ የምትይዘው ቁጥር ያው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ መለኪያው 65 ሲል በሞቃት ቀን እውነተኛው ፍጥነትህ ወደ 75 ይጠጋል። መሬቱ የሚሮጥ መስሎህ አትደንግጥ፤ ለመቆም ግን ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያስፈልግሃል። ሚክስቸሩንም (ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለውን ነዳጅ የሚመጥነውን) ለከፍታው አስተካክለህ ተቃረብ። ተነስተህ ስትዞር ሚክስቸሩን እስከ መጨረሻው ከገፋኸው ነዳጅ በዝቶበት ሞተሩ ጉልበት ያጣል።

ከዱባይ፦ ትናንት በኃይል አረፍኩ። የሚታይ ጉዳት የለም። ነገ ልብረር?

አይሆንም። ፈቃድ ያለው የአውሮፕላን መካኒክ ይየው። የፊተኛውን እግርና የታሰረበትን ግድግዳ ለይቶ እንዲመረምር ንገረው፤ ከውጭ አይታይም።